የአፈር ሽቶ

«ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ትንፋሽሽን ቁጠሪ» አሉኝ፤
እሺ ብዬ ቆጠርኩ፤ ቁጥሮቹ ግን ከዱኝ።
በላክናው ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በወጉ የማልተኛ፣
አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት ላይ ስደርስ፣
አራት ቁጥር አልጋ፣ የልጅቷ ሳል፣ የረጠበ ትራስ።

ዝናብ ሳይገባ ነው ካኖጅ የወረድኩት፣
ሽቶ ጠማቂውን ጊርዳሪን ያየሁት።
«የሚያረጋጋ ሽቶ አለዎት አባባ?»
ዝም አለ፤ እሳቱ ላይ ኩበት እያስገባ።
«እዚህ ተቀመጪ። ይህን ጨርቅ ንከሪ፤
መዳቡ ሲያጉረመርም አብርጂው፤ ሌላ አትቁጠሪ።»

በድስቱ ሆድ ያለው አበባ አይደለም፤
የደረቀ ኩሬ ጭቃ ነው፤ ሌላ የለም።
በቀርከሃው ቧንቧ እንፋሎቱ ወርዶ
ሰንደል ዘይት ላይ ያርፋል፣ ዝም ብሎ፣ በርዶ።

ነከርኩ፤ ጨመቅሁ፤ ነከርኩ። ወገቤን ቆረጠኝ።
ትንኙ በላኝ፤ ሰውዬው ሻይ እንኳን አልሰጠኝ።
ትንፋሼን ረሳሁት፤ እሱ ግን ጠበቀኝ፣
ወጣ ገባ እያለ፣ ቁጠሪኝ ሳይለኝ፣ ሳያስጨንቀኝ።

ጀንበር ስትጠልቅ የታሸገው አፍ ተከፈተ፤
ደመና የለ፣ ግቢው ግን ዝናብ ዝናብ ሸተተ።
አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀስኩም።
ልጅቷም አልጠፋች፤ አጠገቤ ነች፤ አልሸሸሁም።

ብልቃጧ ጣት ታክላለች። «አምስት መቶ» አለኝ ዋጋውን፤
የመቶ ሩፒ ኖት መዳፉ ላይ ቆጠርኩለት ሁሉን፦
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።
በሩን አልፌ ነው ትዝ ያለኝ፤ መንገዱ ላይ፣ ድንገት።