ቁጥር አሥራ ሰባት

ሐሙስ የኔ ቀን ነው። ከኮሎምበስ ወጣ ሲሉ፣ ኤልደርክሪክ ሰፈር፣
ሣሩ በኔ ማጨጃ ነው በየሳምንቱ የሚያጥር።
ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ እስከ ኳስ ሜዳው ጥግ
የናስ ጽሑፍ ሞልቷል፣ ላለፈው የሚያደገድግ።

«እዚህ ቆሞ ነበር» ይላል አንዱ ሰሌዳ፤
አሁን የሚቆመው መኪና ነው፣ በሰዓት የሚከፍል ዕዳ።
የቀረጥ ኬላው ቤት ጥርስ ይነቀልበታል፤
ድሮም በዚያ በር ላይ ሳያም መች ታልፏል?

ስፖርት ቤት የሆነው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ
በቅሎ በዞረችበት ሰው ባለበት ሲሮጥ፣
እመስኮቱ ቆሜ አያለሁ አንዳንዴ፤
ይኼ ሁሉ ሩጫ
አንድ እፍኝ ዱቄት እንኳ አይወጣውም እንዴ?

ባቡር ጣቢያውንማ ሦስት ጊዜ አዛወሩት፣
መንገድ በሰፋ ቁጥር በጎማ እየጎተቱት፤
ሐዲዱ ከተነቀለ ስድሳ ዓመት አልፎታል፣
ጣቢያው እስከ ዛሬ ባቡሩን ይፈልጋል።
መሥራቹ ፕራውትም፣ በነሐስ ፈረሱ፣
ርግብ አስፍሮ ይውላል በባርኔጣው፣ በራሱ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ከጎሉ በስተጀርባ፣
ምላጩ ድንጋይ ነከሰ፣ ጩኸቱ አጥንቴ ገባ።
አጠፋሁት። ወረድኩ። ጠረግሁት በጥፍሬ፤
የወሰን ድንጋይ መሰለኝ፣ የሰው ድንበር መድፈሬ።
ቁጥር ነው። አሥራ ሰባት።
ስም የለ፣ ዓመት የለ፣ መስቀል የለ፣ ጸሎት።

ሚስ ኦርፋ ቴልፎርድ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
የአሮጌው ትምህርት ቤት ቁልፍ ነው ሀብቷ፣
የዝናብ ጫማ አድርጋ፣ መዝገብ አቅፋ መጣች፤
ማጨጃዬን ወንበር አድርጋ ተቀመጠች።
«የካውንቲው የድሆች እርሻ ነበር» አለች።
«ቤት ያጣ፣ ልጅ የካደው፣ አእምሮው የታወከ፣
እዚህ ድንች የቆፈረ፣ ለሾርባው የተንበረከከ፣
እዚሁ ነው የተቀበረ፤
ለስም መቅረጫ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ።»

ከዚያ ታነብ ጀመር።
«አንድ፦ ቶቢያስ ክሮል፣ ጫማ ሰፊ፣ እግሩ አንድ።
ሁለት፦ የክሮል ሚስት። ሦስት፦ ሕፃን፣ ወንድ።
ዘጠኝ፦ ዊልሄልሚና፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው የመጣች፤
በጀርመንኛ ብቻ ታለቅሳለች።»

ኳስ ተንከባላ መጣች። ሊወስዳት የሮጠው ልጅ
ድንጋዩን አየና፣ ማሊያውን ነካ በእጅ፤
«አሥራ ሰባት እኮ የኔ ነው። ማን ነበር?»
ሚስ ኦርፋ ገጹን ገልጣ፣ ጣቷን ከመስመር መስመር፦

«አሥራ ሰባት። ሴት። ከዝናብ ጋር የገባች።
ስሟን ስትጠየቅ ዝም አለች።
ድንች አሳምራ ትልጣለች።»

ይኸው ነው። ሦስት መስመር፣ የደበዘዘ ቀለም።
ከተማው ሰሌዳ ይሰቅል ይሆናል፣ ወይ አይሰቅልም፤
ስብሰባው ለመስከረም ተቀጥሯል።
ልጁ ቅዳሜ ለት ሁለት ጎል ስቷል።
እኔም ሐሙስ ሐሙስ፣ በዚያች ጥግ ሳልፍ፣
ምላጩን ከፍ አደርጋለሁ፣ ሰው እንዳይባንን ከእንቅልፍ።
ሣሩ ትንሽ ይረዝማል።
አለቃዬ ያየውና «እዚህ ጋ ዘለልክ» ይለኛል።

አዎ፣ እለዋለሁ።