ሩብ ኪሎ እንግዳ

አዛናው ወፍጮ ቤት፣ ከጆንያ ሥር ነው ያየኋት፣
ዱቄት ለብሳ፣ ነጭ ትሁን ግራጫ ገና ሳይለይላት።
«ነገ ውሰዳት» አለኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ፤
የቸቸላን ዳገት ስጨርስ ግን፣ ምን ነካኝ ብዬ ቆምሁ።

ለእንግዳ ቤት ካሰናዳሁ ስንት ዘመኔ!
ተንበርክኬ መርፌ ለቀምሁ፣ በማግኔትም በዓይኔ፤
ክሩን ሁሉ ቆለፍሁበት፤ ክር የዋጠች እንደሁ
አንጀቷ ይተበተባል ብሎኛል የከብት ሐኪሙ፤ ሄጄ ጠየቅሁ።
የጫማ ካርቶን ለአልጋ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ለወተት፣
አንድ ባልዲ የቀሃ አሸዋ፣ ለዚያ ስሙን ለማይጠሩት።
አይጦቹንም አስጠነቀቅሁ፦ «ኪራይ ሳትከፍሉ
ሦስት ዓመት ታገሥሁ፤ ዛሬ ማታ ዕቃችሁን አንጠልጥሉ።»

ሲመሽ በበሩ ሥር ነፋስ ገባ፤ ቁርጭምጭሚቴን ዳሰሰኝ።
ይህ ብርድ ለሩብ ኪሎ ነፍስ አይሆንም ብዬ ተነሣሁ።
አንድ ቁራጭ ጣውላ፣ አራት ምስማር።
ሻዩ ሳይፈላ አለቀ።

ሻዩ ሳይፈላ!
አንጓች አሥራ አንድ ክረምት አሮጌ ነጠላ ጎስጉሳበታለች፤
«ይቺን ቀዳዳ» ትለኛለች፤ «ነገ» እላታለሁ፤ ታስላለች።
እኔ የሰው ኮሌታ ስገለብጥ፣ የሰው ሱሪ ስጠቅም፣
ነገ የምላት ነገ መጣ፤ እሷ ግን አልጠበቀችውም።

አሁን ቤቱ ሞቋል።
መዶሻውን እንደያዝሁ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ፤
ሙቀቱ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ውሮ፣ ስትመጪ ካርቶኑ ያንቺ፣ ወተቱም ያንቺ፤
ከፈለግሽ የስፌት መኪናው ላይ ውጪ፣ ጨርቁን ቧጭሪ፣ አልቆጣሽም።
በዚያ በር ሥር ግን አትተኚ።
ምስማሮቹ ለሌላ ሰው የመጡ ናቸው፤
ዘገዩ እንጂ።