ድንኳኑ የት ሄደ?

ዛሬም ይጠይቃል ፊልሙን ያየ ሁሉ፤
ፒያሳ ሻይ ቤቱ ይከቡኛል፣ «ንገረን» እያሉ፤
«ሙሽራው ሲዘፍን፣ ሴቱ ሲያጨበጭብ፣
ድንኳኑ የት ሄደ? ገመዱ ሳይሳብ፣
ካስማው ሳይነቀል፣ ሸራው ሳይሰበሰብ?»

አንድ ተማሪማ «ድንኳኑ ሀገር ነው» ብሎ ጽፎበታል፤
ማዕረግ ሰጡት አሉ። ይስጡት። ደግ አድርጓል።

እኔ ማይክ ያዥ ነበርኩ፣ በረጅም ቀርከሃ፣
ከጦሳ በሚወርድ ብርድ ክንዴ ሆኖ ውሃ።
ኮከብ የሚያስታውሰው የራሱን ፊት ነው፤
የጓዳውን ጉድ ግን ገመድ ጎታች ነው የሚያውቀው።

ያ ዝናብ፣ ፍቅረኞቹን ያበሰበሰው፣
የማዘጋጃ ቤት እሳት አደጋ ነው፤
ቧንቧ ውሃ ቆሞ በሰዓት ሂሳብ ሲረጭ የዋለው።
እውነተኛው ዝናብ፣ የደሴው፣ የመጣ
መኪናው ብሩን ተቀብሎ ከሰፈር ሲወጣ።

በሀረጎ ጠመዝማዛ፣ ከአውቶቡሱ መስኮት
አንገታቸውን እኩል ያወጡት፣ እኩል ያጎነበሱት
ዐሥራ ሁለት ጨፋሪዎች፣ ጥበብ አይደለም፤
ኩርባው አጥወልውሏቸው ነው።
አሠልጣኙ ሲመሰገን ግን አላስተባበለም።

ሙሽራው እንባ እስኪወርደው ሲስቅ ያያችሁት
ቀልዱ አይደለም፤ ሱሪው ነው፣ ከኋላ ተተርትሮ ባደባባይ ሲያጋልጠው ድንገት።

የሙሽሪት ድምፅ? የጦይባ ነው፣ የልብስ ሰፊዋ፣ የሸዋበሯ፤
ቀሚስ ስትጠግን ባቲን አንጎራጎረች፣ መርፌ በከንፈሯ፤
አቀናባሪው እርሳሱን ጣለ።
ስሟ መጨረሻ ላይ «አልባሳት» ከሚለው ሥር
በደቃቁ ያልፋል፣ ሰው ካልተቻኮለ።

ድንኳኑ ግን፣
ድንኳኑ የእድር ነው፤ ጥግ ላይ ማኅተም አለው፣ «ሆጤ» የሚል፣ በቀይ።
ዳኛው ጋሽ ይመር ሙሄ መዝገቡን ገልጠው፣ መነጽራቸውን ገፍተው ወደ ላይ፣
«ዘፈን ነው ወይስ ቀልድ?» አሉን። «ሁለቱም» አልን።
«ውሰዱት፣ ሰው እስካልሞተ። ሰው ከሞተ ግን
ሙሽራ ብትሆኑ፣ ንጉሥ ብትሆኑ፣ እነቅላለሁ።»
ፈረምን።

ከዚያ ወዲያ አዘጋጁ ጠዋት ጠዋት በየደጁ ዞረ፤
«ደህና አደራችሁ? ሁላችሁም? ሳሉስ? አባት እንዴት አደረ?»
ሰፈሩ ተገረመ፤ «አቤት አስተዳደግ!» እያለ
ያልመረቀው ሽማግሌ፣ ዳቦ ያልሰጠው እናት የለ።
ያን አንድ ደጅ ብቻ፣ የዳኛውን፣ ጠይቆት አያውቅም፤
ዳኛ ይመዘግባል እንጂ የሚሞት አልመሰለንም።

ጋሽ ይመር ማታ ማታ መጥተው ካስማ ይቆጥራሉ፤
አርባ ሁለት። «ልክ ነው» ብለው፣ ካፖርታቸውን ቆልፈው ይሄዳሉ።
በሦስተኛው ቀን ሳያውቁት ካሜራው ውስጥ ገቡ፤
ከግራ በኩል ናቸው፣ ከሙሽሪት አጎት ኋላ፣
ጣት እያወጡ፣ እያሰቡ።
ተመልካች አብረው የሚያዜሙ ይመስለዋል፤
አርባ አንድ ላይ አፋቸው ክፍት እንዳለ ሥዕሉ ይቆረጣል።

በአራተኛው ቀን፣ ማልደን፣ ሁለተኛው ዜማ ሊጀመር ሲል፣
በማዳመጫዬ ጥሩንባ ሰማሁ፣ ሩቅ፣ ጉም ውስጥ እንደሚዋልል።
አቀናባሪው «ከቅኝቱ ገጥሟል፣ አታቋርጡ!» አለ፤
ያ ጥሩንባ ዛሬም ዘፈኑ መግቢያ ላይ አለ።

አራት ጎረምሶች መጡ። ምንም ሳይሉ ገመድ ፈቱ።
«ማነው?» አልን። ዝም። «ማነው?»
«ዳኛው» አሉ። «ሌሊቱን። በእንቅልፋቸው ሞቱ።»

ሙሽራው ምሰሶ ተሸከመ፣ ሱሪው በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ፤
ሙሽሪት ካስማ በቬሎዋ አቅፋ፣ ኩሏ በጉንጯ እየተጓዘ።
ከሰልስቱ በኋላ ቀሪውን ዜማ ባዶ ሜዳ ላይ ቀረጽን፤
ሌላ ድንኳን መከራየት ይቻል ነበር።
ማናችንም አላነሳን።

ሰው ሲጠይቀኝ «ወደ ባለቤቱ» እላለሁ፤
ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።
አርባ ሁለተኛዋን ካስማ ግን፣ ያኔ ሰርቄ ቀርከሃዬን ያሰርኩባትን፣
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
እቤት ናት።
ነፋስ ሲበረታ በሬን አስደግፍባታለሁ።