ኳስ የሌለበት ፊልም

ጠባሴ፣ ቅዳሜ ማታ፤ ብርዱ በር ላይ ቆሞ ትኬት ይቆርጣል፤
አሰግደው ማልያውን ጃኬቱ ላይ ደርቦ ከፊት ከፊቴ ይሮጣል።
«የኳስ ፊልም ነው፣ በነፃ፤ ምንም ቢሆን ከደጅ ይሞቃል» አለኝ፤
ፈረቃዬ ሰኞ ነው፤ እሺ አልኩት፤ ምን ቀረብኝ።

እኔ ኳስ አላውቅም፤
ሰፈሩ በአንድ አፍ «ገባ!» ሲል ሌባ እየመሰለኝ
በሬን ሳልቀረቅር አልቆምም።

መብራት ጠፋ። ሸራው ላይ አንድ ጎልማሳ ብቅ አለ፣
ጉልበቱ ላይ ፕላስተር፣ ጣቱ ላይ ቀለበት፣
ትንሽ ባንዲራ ያንጠለጠለ።
የመስመር ዳኛ ነው አሉ። ካሜራው እሱን ብቻ ይዞ ቀረ።
ኳሷ የለች። ተጫዋች የለ።
የሕዝቡን ጩኸት እንኳ ቆርጠው ጥለውታል፤
ትንፋሹ ብቻ፣ ሳር የሚረግጥ ጫማው ብቻ ይሰማል።
ይሮጣል። ይቆማል። በጎኑ እየተራመደ ይመለሳል።

አስር ደቂቃ። ሃያ።
«ኧረ ኳሷን አምጣ!» አለ አንዱ ከኋላ፤
ሳቅ፣ ፉጨት፣ የወንበር ኳኳታ።
ሁለት ሦስት እየሆኑ ወጡ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር
ብርዱ ገብቶ ተቀመጠ በነሱ ቦታ።
አሰግደውም «ሻይ ቤት ነኝ» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ግን ሰውየውን አወቅሁት።
አስራ አንድ ዓመት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ አራተኛው ማሽን ጎን
ከዳር እዳር ተመላልሻለሁ፣ ዓይኔን ከክሩ ሳልነቅል፤
ክር ሲበጠስ እጄን አነሳለሁ፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል።
ያልተበጠሰውን ማን ቆጥሮልኝ?
የተበጠሰችዋን ግን አለቃዬ በስሟ ይጠራታል።
የሸመንኩትን ለብሶ የተኛ ሰው
አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።

መጨረሻው ላይ ባንዲራውን አነሳ።
ለምን እንደሆነ አላሳዩንም።
የውሃ ላስቲክ ተወርውሮ እግሩ ሥር ወደቀ፤
ዞሮ አላየውም። ከንፈሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣
ክንዱ ግን አልታጠፈም።
ልክ ይሁን ስህተት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስወጣ ጉም ወርዷል።
«እህሳ፣ ማን አገባ?» አለኝ አሰግደው፣ ሻዩን እፍ እያለ።
«ሰውየው አግብቷል» አልኩት፤ «ቀለበቱን አይቻለሁ።»
ሲስቅ ሻዩ ማልያው ላይ ፈሰሰ።

የደሴ መስመር መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ያልፋሉ፤
እኔ በአስፋልቱ ዳር፣ ነጩን ቀለም ሳልረግጥ፣
በጎኔ ስራመድ ተገኘሁ።