የአጣቢዋ ዳኝነት

የራግቢ ሊግ መዝጊያ፣ አዳራሹ ሞልቷል፤
የዮርክሻየር ዝናብ መስኮቱን ይመታል።
ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት፣ ለእያንዳንዱ ስፍራ፣
ምርጥ ምርጡ ተለይቷል በነጥብ ቆጠራ።
እኔ ከበሩ ሥር፣ ከካፖርቶች አጠገብ፣
ቢራዬን ጨብጬ፣ ዝም ብዬ ስታዘብ።

ሃያ ሁለት ዓመት ማልያቸውን አጥቤ፣
ማን ምን እንደሠራ ከጭቃው አንብቤ፣
እኔም ዳኝነቴን ይዣለሁ በልቤ።

«ቁጥር አምስት፣ ክንፉ! ዳርሲ ሃክስቢ!» ሲባል፣
ፉጨቱ፣ ጭብጨባው ጣሪያውን ያነሣል።
ይሮጣል ልጁማ፣ ያመልጣል፣ አልዋሽም፤
ግን ማልያው ሲታጠብ ሳሙና አይፈጅም።
አንዲት አረንጓዴ የሣር ጭረት ክርኑ ላይ፣
እሷም ጥግ ላይ ሲተኛ፣ ካሜራው ሲያይ።

ሰባት ቁጥር ሞሶፕ፣ ጨዋታ ቀማሪው፣
ኳስ ሊመታ ሲል ኮሌታ አኛኪው፤
ሁለቴ ቀይሬለታለሁ፣ ማንም ሳያውቅብኝ፤
ፍርሃቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አሥር ቁጥር ላይ ሲደርስ፣ ለፊተኛው ምሰሶ፣
የባላንጣችን ልጅ ወሰደው አጎንብሶ።
ይገባዋል፣ ይውሰድ፤ ነጥብም አስቆጥሯል።
የእኛው ኪት ታተርሶል አብዝቶ አጨብጭቧል፤
ሁለቱ ጣቶቹ በፋሻ ታስረዋል።

ኪት ነጥብ የለውም። ስሙም በጋዜጣ
አንዴም አልተጻፈ፣ አንዴም አልወጣ።
ሥራው መሸከም ነው፤ ሦስት ሰው አንጠልጥሎ
አንድ ሁለት ክንድ መግፋት፣ ወድቆ መነሣት ቶሎ።
ማልያው ሲመጣልኝ፣ ከባድ እንደ እርጥብ ማቅ፣
ሦስት ውሃ ለውጬም ጭቃው አይለቅ።
ደሙም የእሱ ብቻ አይደለም፤
የዘጠኝ ቁጥርም አለበት፣ የዚያ የትንሹ ልጅ፣ የእሱ፣
ከሰው ክምር መሐል ሲያወጣው ጎትቶ
ደረቱ ላይ የቀረ።

«አንቺስ፣ ሞድ፣ ማንን ትመርጫለሽ?» አለኝ
ካፖርቱን ሊወስድ የመጣ አንድ ሽማግሌ።
«እኔ ምኑን አውቄ» አልኩት።

ለዋንጫ የሚሆን ብርም ወርቅም የለኝም፤
መርፌና ቀይ ክር ግን ከእጄ አይጠፋም።
በየዓመቱ አንዴ፣ ከኮሌታ ሥር፣
ከውስጥ በኩል አድርጌ፣ ለማንም ሳልነግር፣
አንድ ስፌት እሰፋለሁ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል።
ዘንድሮ አሥር ቁጥር ላይ ሰፋኋት።
ማንም አላየ።

በመጋቢት ይመለሳሉ። ፊሽካው ሲነፋ፣
ኪት አንገቱን ቀብሮ ወደ ፊት ሲገፋ፣
ድንገት ቆም ይልና ማጅራቱን ያክካል፤
«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» ይላል።
እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ ጃንጥላዬን ይዤ፣ ዝም።
ይኮሰኩሰዋል።
ደግ! ይኮስኩሰው።