የሮንድ መዝገብ

ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት፣ የታይፕ ፊደል ስመታ፣
«ጉዳዩ…» ብዬ ስጀምር፣ ጠዋት ሆነ ማታ፤
አሁን የዕድር ጸሐፊ ነኝ፣ በጡረታ።
ይህን መዝገብ ያሰመርኩት በራሴ ማስመሪያ፣
ከግንፍሌ ድልድይ ወዲህ፣ ከወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ
እስከ ላይኛው ቧንቧ ድረስ፣ ለቅያሷ መጠበቂያ።

መነሻው ሲስተር ረድኤት ናት።
በሐምሌ፣ የማታ ተረኛ፣ ከሆስፒታል ስትመለስ
ቦርሳዋን ነጥቀው ሮጡ፣ በዚያች በጨለማ ቅያስ።
አንድ ጫማዋ ቦይ ገብቶ፣ በአንድ እግር ደረሰች ቤቷ፤
ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፣ የወጣ የለም ለጩኸቷ።
እኔም ሰምቻለሁ። ይጻፍ፤ ይኸው ጻፍኩት፤
መብራቴን አጥፍቼ፣ መቀርቀሪያውን ነው የዳሰስኩት።

እሑድ ድንኳን ተተከለ፣ ለቅሶ ሳይኖር፣ ሰው ሳይሞት፤
አንዷማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች፣ «ማን ነው?» ብላ፣ «ማን አረፈበት?»
ሻምበል ደጀን ተነሡ፦
«ዘበኛ ይቀጠር፣ ዱላ የያዘ፤ በየቤቱ ይዋጣ፤
ድንጋይ ላይ የሚውል ጎረምሳ ከመሸ በኋላ እንዳይወጣ!»
ተጨበጨበ።

ከኋላ፣ ከካስማው ሥር፣ ናሁሰናይ እጁን አነሣ፣
ጎማ ጠጋኙ፣ ፀጉሩን እንደ ቁልቋል ያቆመው ጎረምሳ።
«ጥበቃው ከኛ ከሆነ፣ ስማችን ይጠራ፣ እንወቀው፤
ካልሆነ ግን ፊሽካውን ለኛ ስጡን፤
ማነው ከኛ በላይ ሌሊቱን የሚያውቀው?»
ዝም ተባለ። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ ተሰማ።
ኢክራም፣ ከሴቶቹ መሀል፣ በቀጭን ድምፅ፦
«መጀመሪያ አምፖል። ግማሹ ሌባ እኮ ጨለማ…»

ተጨቃጨቅን እስከ ምሳ፤ የተስማማነው በግማሽ ልብ።
ከዕድሩ ሣጥን፣ ከወንበር መግዣው፣ ለአራት አምፖል ብር ወጣ፣
ሁለት ፊሽካ፣ አንድ ባትሪ፤ ቢጫ ሰደርያ ከመርካቶ መጣ።
ደንቡ ይህ ነው፦ በየሌሊቱ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ወጣት፤
አንዱ ዓይን አለው፣ አንዱ ትዝታ፣
ሁለቱም እንቅልፍ ማጣት።

ሻምበል ከናሁሰናይ ጋር ወጣላቸው፤ ዕጣ ነዋ፣ ምን ይደረግ።
ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈው፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ በግድግዳ ጥግ።
በስምንተኛው ሌሊት የሻምበል ከዘራ ተሰበረ፤
ጎማ ጠጋኙ ምንም ሳይል፣ በከመነዳሪ ጠፍሮ አሠረ።

የመዝገቡ መጨረሻ ዓምድ «ያጋጠመ ነገር» ይላል፤
እዚያ ነው ሌሊቱ በዶሮ ጭረት ተጽፎ
ከመስመሬ ላይ የሚወድቀው።
«ምንም።»
«አንድ ድመት።»
«የአቶ እንግዳወርቅ ቁልፍ ጠፍቶ፣ በአጥር አዘለልናቸው። ሞቅ ብሏቸው ነበር።»
«ውሻ። ባለቤቱ አልታወቀም። ተከትሎናል።»
«ከድልድዩ ማዶ ስልክ ተነጠቀ፤ ሮጠን አልደረስንም። ይቅርታ።»
«ምንም።»
«ውሻው ዛሬም አለ።»

ከዚያ በጥቅምት፣ በዚያ ብርድ፣ በሌላ እጅ፣ በእርሳስ፦
«የድሮውን አምፖል፣ ሦስተኛውን፣ አምና በወንጭፍ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።
ስሜን ሻምበል ያውቁታል።»

ጠየቅኋቸው። ከዘራቸውን አዩ፣ በጎማ የታሠረበትን ቦታ፤
«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ፤
«ይልቅ ጻፊ፤ ልጁን ከእኔ ጋር ደርቢው፣ ለማክሰኞ ማታ።»

ትናንት አልጋዬ ላይ ሆኜ የእግር ኮቴ ሰማሁ፣
ያልቸኮለ፣ ሁለቱም እግር የተጫማ፤
የረድኤት ነው።
እጄ መቀርቀሪያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሳበው።

ዛሬ ጠዋት መዝገቡን ስገልጥ፣ የናሁሰናይ ጭረት፦
«ከሌሊቱ አምስት ከሩብ። ጸሐፊዋ በራቸውን ከፍተው፣
ነጠላ ደርበው፣ ቆመው ታዩ።
ምን ሆነው እንደሆነ ተጠየቁ።
‹ምንም› ብለዋል።»