ቀለበቱ ሲቃና

ቅዳሜ ነቀምቴ ላይ ጨዋታ አለብን፤
የነሱ ቀለበት ቀጥ ያለ ነው አሉን።
የኛ ቀለበት ግን ድሮም ጠማማ ነው፤
ማን እንደሰቀለው፣ ማን እንዳጎበጠው
የሚያውቅ የለም ዛሬ። ዝናብ ነው ይላሉ፤
ወንዶች ተንጠልጥለው ነው የሚሉም አሉ።
ወደ ግራ ዘንብሎ፣ እንደሚሰማ ጆሮ፣
ስንቱን ባች አስመርቆ፣ ስንቱን አባርሮ
ከባህር ዛፉ ስር፣ ከስሚንቶው ዳር
አለ።

«ሁለት ጣት ወደ ቀኝ» አለችኝ ጃለኔ፣
ካፒቴኗ ናት፤ አዲስ ነኝ እኔ፣
ወር አልሞላኝም።
«ሁለት ጣት ወደ ቀኝ አርቀሽ ስትለቂው በብልሃት፣
ብረቱን ይዞራል፤ ዞሮ ዞሮ ከቤት።»
እጄ ግን ዳተኛ ነው፣ ቶሎ አይማር።

በሜዳችን ላይ ማንም አሸንፎን አያውቅ።
ከሜዳችን ውጪ እኛ አሸንፈን አናውቅ።
ይህን እንቆቅልሽ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣
ምግቡ ነው፣ መንገዱ ነው፣ ዳኛው ነው ሲሉ፣
አሰልጣኝ ሸምሲያ ሰኞ ከሰዓት
መሰላል አስመጣች።
ወጣች። ጨበጠችው። ወረደች። ዝም አለች።
ቆይታ፣ ቆይታ፣
«እናንተ የቻላችሁት ኳስ አይደለም» አለች፤
«ይህን ብረት ነው።»

ማክሰኞ ማለዳ ከመርካቶ መጣ
በያጁ ሙክታር፤ ጥቁር መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፤
የበር፣ የመስኮት፣ የአጥር ሠራተኛ፤
«ይሄን ያጎበጠው ምን ዓይነት ጉልበተኛ!»
ብልጭታው ሌሊት ከዘነበው ውሃ ላይ
ቸስ እያለ ሲጠፋ፣
ጃለኔ ብቻ ፊቷን አዞረች፣
የሰው ጥርስ ሲነቀል ማየት እንዳልቻለች።
ሂሳብ ስንሰጠው «ካሸነፋችሁ በኋላ» ብሎ
ሄደ፣ መሰላሉን በትከሻው አዝሎ።

ረቡዕ ከመቶ ኳስ ዘጠኝ ነው የገባው።
ዙልፋ፣ ያቺ ዓይኗን ጨፍና የምታገባው፣
ቦርዱንም ስታ ከአጥር ማዶ ሰደደች።
ነጃት አለቀሰች።
ወይንሸት ሳቀች፤ ከሳቋ ለቅሶው ይሻል ነበር።
እጅ የለመደውን ቢረሳ፣ ለማን ይነገር?
ከዘጠኙ ኳስ ግን (ይህን እንዴት ልበለው)
ስድስቱ የኔ ነው።
ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ጠማማው
እጄ ውስጥ ሳይገባ ስለቀረ ነው።
ማንም አላጨበጨበ።
ጃለኔ ኳሱን አንስታ ጠረገችው፣ በማልያዋ ጫፍ፣
ዓይኔን ሳታይ፣ በዝምታ ልታልፍ።

ማታ እናቴ ደወለች ከሊሙ፣
«ያቺ ልጅ፣ ቀለበትሽ መቼ ነው?» አለች።
«ተቃንቷል እማዬ፣ ቅዳሜ ነው» ስላት
እልል ልትል ምንም አልቀራት።
«ነቀምቴ ነው» ስል፣ «የዚያ አገር ልጅ ነው?»

ዛሬ ሐሙስ ነው።
ነገ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት አውቶቡሱ በር ላይ ነው፣
ምሳ በደሌ ነው።
ማልያ በጅማ ዝናብ መቼ ይደርቃል?
ከፍራሽ ስር ተነጥፎ በገላ ሙቀት ይተኮሳል።
ስምንት ልጆች፣ ስምንት ቁጥር ላይ ተኝተናል።
የጃለኔ አልጋ ባዶ ነው።

መብራት የለም። ዝናቡ እንዳቆመ
ከታች፣ ከሜዳው፣ ኳስ ሲነጥር ተሰማ።
ጫማዬን በእጄ ይዤ ወረድኩ።
በጨለማ ትወረውራለች፤
ኳሱ ውሃ ላይ ጧ ይላል እንጂ አይመለስም፣
ሄዳ ታመጣዋለች። ትወረውራለች።
ከቀለበቱ ስር ሄጄ ቆምኩ።
አንስቼ መለስኩላት። አንስቼ መለስኩላት።
ብዙ ቆይታ፣ እንደ ተበዳሪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ስትወረውሪ የት ነው የምታይው?» አለች።
እኔ ምን አውቃለሁ።
«መሀሉን» አልኩ።
«የቱን መሀል?»
መልስ አልነበረኝም። ወረወረች።
ገባም እንደሆን፣ ሳተም እንደሆን
ጨለማ ነው፤ መረቡም ረጥቧል።
ኳሱን ከውሃው አውጥቼ፣ በቀሚሴ ጠርጌ
መለስኩላት።